ነጭ ፕላስተር የተለጠፈበት ፊልም

አባቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የፊልም ዳኛ ነበር። የሾመው የለም፤ ራሱን በራሱ ነው የሾመው። ሱቁ ራዲዮ፣ ባትሪ ድንጋይና የግድግዳ ሰዓት የሚሸጥባት ጠባብ ቤት ነበረች። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቪዲዮ ማጫወቻ ወደ ሰው ቤት መግባት ሲጀምር ከጀርባው መደርደሪያ አሠራና የሚከራዩ ካሴቶች ደረደረበት። አብዛኞቹ የህንድ የፍቅር ፊልሞች ነበሩ፤ ከግርጌያቸው በዓረብኛ የተጻፈባቸው፣ ከካርቱም በአውቶቡስ የሚመጡለት። እሱ አስቀድሞ ያላየው ካሴት ግን ከዚያ መደርደሪያ ወርዶ አያውቅም።

አሠራሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከሰዓት በኋላ አስር ሰላት ሰግዶ ቤት ይመጣል፤ እህቴንና እኔን ወደ ግቢ ያስወጣንና በሩን ይዘጋል። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ሰዉ ሐጂ የሚለው እሱን ነው፤ መስጊዱ ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ ከሐጂ ቤት ዘፈን ተሰማ መባልን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ሙዚቃ ሰምቶ በር የሚያንኳኳ የመንግሥት ሰው አይጠፋም። አውራ ጣቱን ማስሮጫው ቁልፍ ላይ አድርጎ የሦስት ሰዓቱን ፊልም በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ዓረብኛ ቁርዓን ላይ ቀስ ብሎ ያነባል እንጂ ከፊልም ግርጌ እየሮጠ የሚያልፈውን ጽሑፍ አይደርስበትም። ስለዚህ የሚፈርደው ዓይኑ ባየው ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው በመስኮቱ ቀዳዳ ስለማሾልቅ ነው።

ከዚያ ፍርዱ ይለጠፋል። ንጹህ ሆኖ ያገኘው ፊልም ጀርባው ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ያርፍበታል፤ ለቤተሰብ ማለት ነው። ለወንዶች ብቻ የሆነው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍበታል። የባሰው በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል። መሃል ላይ የወደቀ፣ ማለትም ንጹህ ሆኖ አንዳንድ ቦታ ላይ የሚያሳፍር ነገር ያለበት ከሆነ ደግሞ ካሴቱን በትንሿ ብሎን መፍቻ ከፍቶ፣ ያን ቦታ በምላጭ ቆርጦ ያወጣና ሁለቱን ጫፍ በስኮች ያያይዘዋል። ያም ነጭ ያገኛል። ፊልሙ የተቀጠለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ በመስመር ይሞላና ዘሎ ይሄዳል። ሴቶቹ ያን ጊዜ ተያይተው ይስቁና "ሐጂ ገባ" ይሉ ነበር።

ቢስቁም ያምኑታል። እናት ሆና የካሴቱን ስዕል የምታይ አልነበረችም፤ ገልበጥ አድርጋ ፕላስተሩን ነው የምታየው። ሙሽራ ሂና የምትቀባበት ቀን ሴቱ ተሰብስቦ የሚያየው ፊልም ሲፈለግ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመው የሚጠይቁት ስለ ታሪኩ አይደለም፤ ነጭ ነው ወይ ብለው ነው። እናታችን እኔ ሳላውቃት ስለሞተች፣ ሁለት ሴት ልጅ ብቻውን ያሳደገ ሰው የሌላውን ልጅ ዓይን ቢጠብቅ ማንም አልገረመውም። እኔም በዚህ በኩል አልወቅሰውም ነበር።

እኔ ግን ከልጅነቴ ጠርጣራ ነኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አለ ስንጥር የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስል ቤተሰቡ ሁሉ በሱ ነበር የሚቀልድብኝ። በተለይ ነጮቹን ፊልሞች እጠረጥራቸው ነበር። ሴትየዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ ትስቃለች፣ ሐጂ ይገባል፣ ከዚያ በሙሽራ ልብስ ታለቅሳለች። በሳቁና በልቅሶው መሃል ምን ሆነ? አባቴን ስጠይቀው የማይጠቅም ነው ይለኛል። የማይጠቅም የሚባል ነገር ሁሉ ዋናው ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው መሰለኝ። ሌላ ሰው ሲያምን እኔ የተቆረጠውን ፍለጋ የአባቴን ቆሻሻ መጣያ እበረብር ነበር፤ ያገኘሁት የተጠቀለለ ቡናማ ጥብጣብ ብቻ ነው፣ ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት ምንም አይታይበትም።

ከነጮቹ ሁሉ በከተማው የታወቀው ሰዉ የጂፑ ፊልም የሚለው ነበር። ትክክለኛ ርዕሱን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የባለመሬት ልጅ አንዲት የአስተማሪ ልጅ ያያል። አትፈልገኝም ብሎ አይመለስም፤ ሦስት ከተማ ይከተላታል፣ ቤቷ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ላምባ በራሱ ላይ አርከፍክፎ ክብሪት ያወጣል። በመጨረሻ ጂፕ ላይ ጭኗት ይሄዳል። ታለቅሳለች። ሐጂ ይገባል። ከዚያ ሠርግ ነው፤ እሷም ትስቃለች። በፊልሙ ውስጥ አንድ የተራቆተ ክንድ የለም። አባቴ ለሰው ሲያስተዋውቀው እንዲያውም ከልብስ አለባበሱ ነበር የሚጀምረው።

እህቴ አስራ ስምንት ዓመት ሲሆናት እንደ ፊልሙ ያለ ሰው እኛ በር ላይ ቆመ። አባቱ የታወቀ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፣ እንደ እኛው ከጎንደር የመጣ፣ የተከበረ ቤተሰብ። ልጁ እህቴ ከሱቅ ወደ ቤት ስትሄድ በፒካፕ ቀስ እያለ ይከተላታል። ከጠዋት እስከ ቀትር ከበራችን ትይዩ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቆማል። አንድ ጊዜ እህቴ አልፈልግህም ብላ በሰው ልካበት ነበር፤ በማግስቱ እዚያው ቆሞ አደረ ተባለ። ክረምት ገብቶ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መኪና ሲይዝ እንኳ በእግሩ ይመጣ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ፍቅር ማለት ይህ ነው፣ ልክ እንደ ጂፑ ፊልም ይሉ ነበር። የቀኑባትም ነበሩ። በኋላማ ለሌላ ከዳሯት ሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት ላምባ አርከፍክፌ ራሴን አቃጥላለሁ ማለቱ ሲሰማ፣ የሰሙት ሁሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱለት።

እኔ አላለቀስኩለትም። አንድ ቀን በሩን በትንሹ ከፍታ እንዳይመጣ ስትለምነው አየሁ። እጅዋን ይዞ እየሳቀ ያናግራታል፤ መንገድ ላይ ሰው ስለነበረ ፊቱ ፈገግ እንዳለ ነው። ስትገባ ግን የእጅ አንጓዋ ላይ የአራት ጣት ምልክት ነበረባት፤ ገላዋ ላይ የተጠቀለለውን ቶብ ስባ ሸፈነችው። ነገሩ ገብቶኛል። ለአባቴ ያ ሰውዬ ያስፈራኛል ብዬ ነገርኩት። እሱም አንቺን የማያስፈራሽ ማን አለ ብሎ ሳቀብኝ። ምልክቱን ግን አልነገርኩትም፤ እህቴ በአላህ አስምላኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከሚቆጩኝ ነገሮች አንዱ ያን መሐላ መጠበቄ ነው።

እህቴን ትወጂዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በእኔ ምክንያት ሰው ቢሞትስ ብላ መለሰችልኝ። ደግሞ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ያቺም ልጅ መጨረሻ ላይ ስቃለች አይደል አለችኝ። ተዳረች። ሠርጓ ላይ ሂና ስትቀባ ሴቶቹ ያዩት ፊልም የትኛው እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሃያ ዓመት ላሳጥረው። ማሽላ እያረረ ይስቃል እንደሚባለው እህቴ ሰው ፊት ስቃ የምትውል ሴት ሆነች። ሴት ልጅ ወለደች፣ ሌላ አልተሰጣትም። ሁለት ጊዜ ተደብድባ ወደ አባቷ ቤት መጣች፤ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ ተልኮ ተመለሰች። ሥርዓቱ ሁሌም አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ፣ ባልየው ከኋላቸው አቀርቅሮ ይገባል፣ ተነስቶ የአባቴን ጉልበት ይስማል፣ አባቴ ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ ይላል። ከዚያ እህቴ ሻይ ይዛ ከጓዳ ትጠራለች። ሂጂ ልጄ ትባላለች። ከዚህ ሌላ ለእሷ አንድም ነገር ያላት ሰው አልነበረም። እኔም በግቢው ቆሜ አያለሁ፤ ጠርጣራ ከመሆን አልፌ ምን አደረግኩ?

ካሴቱ በዲስክ ተተካ፣ ዲስኩም በስልክ ተተካ። ሱቁን እኔ ያዝኩትና ራዲዮው የነበረበት ቦታ ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ሰቀልኩ። አባቴ አርጅቶ አንገረቡን፣ የገመድ አልጋውን፣ ግቢው ጥላ ሥር አስወጥቶ ይውላል። ጠርጣራ ሴት ባል አታገኝም ያሉኝ ሰዎች ቃላቸው ደርሷል፤ እኔም ብዙ አልከፋኝ።

ሦስተኛው ጊዜ እህቴ የመጣችው ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር፣ ከቀትር በኋላ በረክሻ፣ በባለሦስት እግሯ ታክሲ፣ ነበር። በጥፊ ስለመታት ግራ ጆሮዋ አልሰማ ብሏት ሰው ሲያናግራት በቀኝ ትዞራለች። አርብ ሽማግሌ ይመጣል ተባለ። አባቴ ምንም አላለም፤ አለማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ካርቱም ትማር የነበረችው ልጇ እናቷ መጣች ሲባል በማግስቱ ደረሰች፤ ኮምፒውተር ይዛ። ይህች ልጅ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ነው የምትጨርሰው፤ አያቷን ጂዶ፣ እኔን ኻልቶ ነው የምትለን።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ስትነካካ ቆየችና፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

"ጂዶ፣ ያ የጂፑ ፊልማችሁ ከአስራ አምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቀድም ይላል" አለችው።

አባቴ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። መልሳ ነገረችው። ፊልሙን ያገኘችበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ቁጥሩ አለ፤ ከሥሩ ምክንያቱን በዓረብኛ ጽፈውታል፤ ማስፈራራት፣ ጠለፋ፣ በሴት ላይ የሚፈጸም ጥቃት። አባቴ ከአንገረቡ ተነስቶ ተቀመጠ። ቀጥሎ በጥቁር ፕላስተር የለየውን፣ ሁለቱ ባልና ሚስት ዝናብ ላይ የሚጨፍሩበትን ፊልም ፈልጊ አላት። ፈልጋ አገኘችው። እሱ ለሁሉም ተመልካች የተፈቀደ ነው ይላል። አባቴ በቁጣ ሳቀ። ዓለም ተገለበጠ፣ እርጥብ ልብስ ለልጅ ሲፈቀድ ሙሉ ልብስ የለበሰች ሴት ተከለከለች አለ።

የሚገርመው እኔም ከእሱ ጋር ሆንኩ። ዳኛ አላምንም፤ ቁጥር የሚለጥፍ ዳኛ ደግሞ ይበልጥ አላምንም። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? የት ተቀምጠው ነው የሚያዩት? እነሱስ አውራ ጣታቸውን የት አድርገው ነው? አባቴ ቢሳሳት እንኳ ሱቁ ይታወቃል፤ ሴቶቹ መጥተው ይወቅሱታል፣ ይስቁበታል። የእነዚህኞቹ ፊት አይታይም። ደግሞ ጥፊን ቆጥረው ቁጥር ይሰጣሉ እንጂ ከጥፊው በኋላ ያለውን ሃያ ዓመት በምን ይቆጥሩታል? ልጅም ቢሆን አስራ አምስት የሚል ሲያይ ፈርቶ ከመሸሽ ይልቅ ይሮጥለታል። ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ዛሬም ቢሆን አልተውኩትም።

የእህቴን ልጅ ግን ከዳኞቹ ይበልጥ ጠረጠርኳት። ከዓለም ፊልም ሁሉ ያን አሮጌ ፊልም፣ ያውም ሽማግሌ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እንዴት አገኘችው? ወደ ማድቤት ወስጄ ጠየቅኳት። ወላሂ ኻልቶ፣ እንዲሁ ፊቴ መጣ አለችኝ። ስትናገር ግን የምታጥበውን ብርጭቆ ነበር የምታየው።

አባቴ ጥሪውን ራሱ አስተላለፈ። ስሙ የጠፋ ያህል ነበር የተሰማው፤ ሁላችንም ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ ነውር ካለበት በዓይኔ አሳዩኝ አለ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘነው። እህቴ መጀመሪያ ከጓዳ አልወጣም ብላ ነበር፣ ኋላ መጥታ በቀኝ ጆሮዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞራ ተቀመጠች። የእህቴ ልጅ ድምፁን ከፈተችው። አባቴ መስጊዱ ትዝ ብሎት ወደ መስኮቱ ዞር አለ፣ ግን ቀንሺው አላለም። ለካ ያን ፊልም አንድም ቀን በድምፅ አይቶት አያውቅም።

ሰውየው ተከተላት። ላምባውን አርከፈከፈ። ጂፑ መጣ። ጎትቶ ሲጭናት ልጅቱ ጮኸች፤ የሚያባራ ጩኸት አልነበረም፣ መኪናው ኮረብታውን እስኪያልፍ ድረስ አባቷን እየጠራች ነው። አባቴ አንገቱን ወደ ፊት አሰገገ።

"ትጮህ ነበር እንዴ?" አለ።

ቆይቶ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ አፏን ስትከፍት ዘፈን መስሎኝ አለ። ልክ ነበር፤ በህንድ ፊልም አፉን ከፍቶ እጁን የሚያወራጭ ሰው ሁሉ ያለ ድምፅ ሲያዩት ይዘፍናል። እጅ ለእጅ እስካልተያያዙ ድረስ ደግሞ ዘፈን አባቴ ዘንድ አይቆረጥም ነበር። አይ አባየ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላል ያገሬ ሰው። የአንዲት ሴት ጩኸት ለስንት ዓመት ለስንት ሙሽራ እንደ ዘፈን ተቆጥሮ በነጭ ፕላስተር ሲሰጥ ኖረ አልኩ በልቤ። ንዴትም ነበረብኝ፣ ሐፍረትም፤ ያን ፊልም ከመደርደሪያ እያወረድኩ ስሰጥ የኖርኩት እኔም ነኝና።

ከዚያ ልቅሶው መጣ። እዚህ ጋ ሐጂ እንደሚገባ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስክሪኑ እስኪዘል ጠበቅኩ። አልዘለለም። ሠርጉም አልመጣም። ሰውየው ልጅቱን በዚያው ጂፕ ወደ አባቷ ቤት መልሶ አመጣት። ደጃፉ ላይ ወርዶ ተንበረከከ፤ ሁለት እጇንም ያዘ። የሚለውን የእህቴ ልጅ ከዓረብኛው እያነበበች በአማርኛ ትነግረን ጀመር። አንቺን አልጠየቅኩሽም፣ የጠየቅኩት ራሴን ብቻ ነው አላት። ያደረግኩብሽ ክፉ ነው፣ ይቅርታውንም ከአባትሽ አልለምንም፣ ከአንቺ ነው አላት። ካልፈለግሽኝ ከዛሬ ጀምሮ አታዪኝም አላት። ሴትየዋ አንድም ቃል አልተናገረችም። እጇን አስለቅቃ ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያልፋል። እሱ አይከተላትም፣ እሷም ትምህርት ቤት ታስተምራለች፣ ትስቃለች፣ ትናደዳለች። ዓመቱ ሲሞላ በራሷ እግር ወደሱ ትሄዳለች። ሠርጉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ እስከ ሠርጉ ድረስ አባቴ ባንዴ ጠራርጎ ያወጣው ሃያ ደቂቃ ያህል ነበር። ገዳሪፍ ውስጥ ማንም ያላየው ሃያ ደቂቃ።

እህቴ ከፊልሙ ይልቅ አባቴን ማየት ጀምራ ነበር።

"አባየ፣ ይኼን ለምን ቆረጥከው?"

አባቴ ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር፣ ግን አልረሳም።

"እጇን ይዞ ነበር" አላት።

"ጂፑ ላይ ሲጭናትስ በምኗ ነው የያዛት?"

በቁጣ አልነበረም የጠየቀችው። በእውነት ማወቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው። አባቴ የመግሪብ ሰላት ሰዓት ሳይደርስ ውሃ አምጡልኝ ብሎ ውዱ አድርጎ ወደ መስጊድ ወጣ። እህቴ ፊልሙ እስኪያልቅ ተቀምጣ አየችው፤ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስትስቅ እሷ አለቀሰች። ልጇ እግሯ ሥር ተቀምጣ ከፊልሙ ይልቅ እናቷን ታይ ነበር፤ ያም ጥርጣሬዬን አባሰው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ተለወጠ ብዬ አመንኩ ማለት አልችልም። ድሮም ከሽማግሌ በፊት ዝም ይል ነበር፣ ዝም ብሎም ይመልሳታል። አርብ ጠዋት ሲለብስ አየሁት፤ ያንኑ ነጭ ጀለቢያ፣ ያንኑ ጥምጣም። ዘንጉን አቀብይኝ ሲላት እህቴ አቀበለችው። አንድ ፊልም ስለታየ የሰባ ዓመት ሰው ልብ አይገለበጥም አልኩ። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ሲቀመጥ ትናንትን ይረሳዋል አልኩ። ሻዩን እንኳ ያፈላሁት እየተናደድኩ ነው።

ከጁምዓ በኋላ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ባልየው። ትልቁ ሽማግሌ የመክፈቻውን ዱዓ፣ ፋቲሃ አስደርጎ ንግግሩን ጀመረ፤ ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ አለ፣ ሸይጣን መሃል ይገባል አለ፣ ልጅ ያደረሱ ሰዎች ናቸው አለ። ቃል በቃል ካለፈው ጊዜ ጋር አንድ ነበር። እኔ የሻዩን ትሪ ይዤ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ፤ እህቴ ከጓዳ ሳትጠራ ወጥታ ከአባቴ በስተግራ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ተነሺ አላላትም። ያን ጊዜ እንኳ ገና አላመንኩም ነበር።

ባልየው ተነሳ። እንደ ልማዱ አቀርቅሮ መጥቶ፣ እህቴን አልፎ፣ አባቴ ፊት ተንበረከከና ጉልበቱን ያዘ። "ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ለአላህ ብለው" አለ። ሽማግሌዎቹ አሚን ለማለት እጃቸውን ከፍተዋል።

አባቴ ጉልበቱን ሰበሰበ።

"እኔን አልመታኸኝም" አለው።

ሰውየው እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየው። አባቴ እጁን ወደ እህቴ ዘረጋ። "የመታሃት ይቺ ናት። የምትለውን ለእሷ በላት፤ እኛም እንሰማለን።"

ባልየው መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ከዚያ እህቴን አየ፤ ጥቂት አየት አድርጎ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ሰው ሲያየው የሚስቃት ናት።

"እሷማ ሚስቴ ናት" አለ።

ሌላ አልጨመረም። የሚጨመር ነገር አልታየውም መሰለኝ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልጄ፣ አንድ ቃል በላት፣ ምን አለበት ብሎ ሹክ አለው። ሰውየው ከጉልበቱ ተነስቶ ጀለቢያውን አራገፈ፣ ወደ ቦታውም ተመለሰ።

እህቴ ተነሳች። ትሪውን ከእጄ ወስዳ ሻዩን ራሷ አዞረች፤ ለሽማግሌዎቹ በየተራ፣ ለአባቴ፣ በመጨረሻም ለባሏ ሰጠችው። ሁሉም ብርጭቆውን ከያዘ በኋላ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና፣

"ሻያችሁን ጠጡ። እኔ አልሄድም" አለች።

ሽማግሌዎቹ አባቴን አዩት። አባቴ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። እነሱም ቀስ እያሉ ጠጡ። ባልየው ሻዩን ሳይነካው አስቀምጦት ወጣ።